በወረቀት ጀርመንን የበለጥንበት ዓመት

እ.ኤ.አ በ2013 ኢትዮጵያ በአንድ ነገር ጀርመንን በልጣ ነበር። አትሳቁ። በዚያ ዓመት (በእኛ 2005 ዓ.ም) ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ባካሄደው ብሔራዊ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የአገሪቱ ሥራ አጥነት 4.5 በመቶ ነው ተባለ። የጀርመን 5 በመቶ ገደማ፣ የስፔን ደግሞ 26 በመቶ ገደማ ነበር። ታዲያ ደብረ ማርቆስ ላይ ዲግሪውን በፌስታል ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ የሚውለው ወጣት የየት አገር ሰው ነው?

እስቲ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ በ2005 የአውሮፓው ነገር የተገላቢጦሽ ነበር፤ ጀርመን 11፣ ስፔን 9 በመቶ ገደማ። የስፔን ጎረምሳ ግንባታ ላይ ተቀጥሮ ደመወዙን ይቆጥራል። በጀርመን ግን በዚያው ዓመት ጥር ወር የተመዘገበው ሥራ አጥ ከ5 ሚሊዮን አለፈና አገር ጉድ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን በአንድ ሌሊት ሥራ ያጡ አልነበሩም። የድጎማ ሕጉ ሲለወጥ፣ ቀድሞ በማኅበራዊ እርዳታ ይኖሩ የነበሩ መሥራት የሚችሉ ሰዎች ወደ ሥራ አጥ መዝገብ ገቡ። ድሮም ነበሩ፤ የሚቆጥራቸው ነው ያልነበረው። ከ2008 በኋላ የስፔን የቤት ግንባታ ሲፈርስ ደግሞ ሁለቱ አገሮች ቦታ ተለዋወጡ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ እኛም ሁለት አገር ነን፤ ከተማና ገጠር። በ1997 ዓ.ም ጥናት የከተማው ሥራ አጥ 20.6 በመቶ፣ የገጠሩ 2.6 በመቶ ነበር። በ2005 ዓ.ም ደግሞ 16.5 እና 2.0። ጀርመንን ያስበለጠን እንግዲህ ገጠሩ ነው።

ጎጃም ገጠር ሄዳችሁ «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ብትሉ ማንም «ሥራ አጥ ነው» አይላችሁም። «አባቱን እየረዳ ነው» ነው መልሱ። ጥናቱም ያንኑ ይላል። በሳምንቱ ጥቂት ሰዓት የአባቱን ጤፍ ያረመ፣ ሳንቲም ባያገኝበትም ሠራተኛ ነው።

ግን መሬቱ የማን ነው? የካቲት 1967 ዓ.ም «መሬት ላራሹ» አዋጅ ሆነ። በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል ሽግሽግ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድልድል አልመጣም። ሽግሽጉ ሲካሄድ የተወለደው ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሊደፍን ነው፤ ድርሻው ከወንድሞቹ ጋር የሚካፈለው የአባቱ ጥማድ ነው። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሥራ ለአራት ተከፍሎ አራቱም «ሠራተኛ» ተብለዋል። የተረፈው ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ሌላው አዲስ አበባ ገብቶ ሎተሪ ያዞራል። ይኸው ልጅ ጎጃም ሳለ ሠራተኛ ነበር፤ አባይን ተሻግሮ ሥራ ሲፈልግ ሥራ አጥ ይባላል። የተለወጠው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው።

የተማረውም ታሪክ አለው። በደርግ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው መንግሥት ይመድበው ነበር። ምደባው ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በዛ። የደብረ ማርቆሱም በ1999 ዓ.ም ማስተማር ጀመረ። ተመራቂው በዛ፣ ወንበሩ ግን አልበዛም። ከነዲግሪያቸው ኮብልስቶን ሲጠርቡ የነበሩ ልጆችን እናስታውሳለን። እኛ ግን ቢያንስ እንታያለን፤ እንጮሃለን፣ እንጽፋለን፣ ከነጩኸታችን እንቆጠራለን።

እ.ኤ.አ በ2021 ጥናት አገር አቀፉ ቁጥር 8 በመቶ ደረሰ፤ የከተማው ከ18 በላይ ነው። እንዲህ ቁጥር ሲያድግ አለቆች ይደነግጣሉ። እኛ ግን ከጀርመን የተማርነው ሌላ ነው፤ ቁጥር አንዳንዴ የሚያድገው ችግር ስለተጨመረ ሳይሆን ተደብቆ የነበረው ስለታየ ነው። እቅድ የሚወጣውም በጀት የሚያዘውም ለተቆጠረ ሰው ነው። «አባቱን እየረዳ ነው» የተባለው ወንድማችን ግን ከ4.5 በመቶው ውስጥ የለም። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥናት ሲወጣ፣ ትንሽ ቁጥር አይተን ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፤ እሱስ ተቆጥሯል ወይ?