መጀመሪያ ሞክር፣ ከዚያ ትታረማለህ

ከብቸና ወይም ከሞጣ ተነሥቶ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት የለመደው ነገር አለ፤ መምህሩ ይናገራል፣ እሱ ይጽፋል፣ ለፈተና ይሸመድዳል። እዚያ ሲደርስ ግን "ሰባት ስምንት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ይሄ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ነው፣ ተወያዩበት" ሊባል ይችላል። መምህሩ አጠገባቸው ቢሆንም ዝም ይላል። "ሳያስተምሩን እንዴት ነው የምንመልሰው?" ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመልሱ ግማሽ ግን ትቶት በመጣው አገር አለ።

በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት የሚባለውን ዘዴ የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ለሕክምና ተማሪዎቹ ጀመረ። ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። በሽተኛው ይቀድማል፣ ማብራሪያው ይከተላል። ተማሪዎቹ የሚያውቁትንና የማያውቁትን ይለያሉ፣ ሄደው ያነባሉ፣ ተመልሰው ይከራከራሉ።

አሁን ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ተማሩበት፣ ብቸና አቅራቢያ ወዳለው ዲማ ጊዮርጊስ እንምጣ። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የሚወጣው የሌላውን ቅኔ በመድገም ብቻ አይደለም። ለብቻው ገለል ብሎ ይቆጥራል፣ የራሱን ይዞ ይመጣል፣ ይነግራል፣ ይታረማል። ጀማሪውን የሚያርመው ሁልጊዜ የኔታ አይደሉም፤ ቀድሞት የገባው አስነጋሪ ነው። ልዩነቱም አይካድም፤ የመጨረሻው ቃል የየኔታ ነው። ሞክሮ መታረም የሚለው መሠረት ግን አንድ ነው።

በሀገራችን የጤና ትምህርትም አብሮ መማር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ኮሙኒቲ ነርሱንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ግቢ አሠልጥኖ፣ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች በቡድን ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ችግር ላይ አቆመ።

ይሄ ሁሉ ለበሽተኛው ምን ይጠቅማል? እንበል፣ ታሪኩ እንዲህ ነው፤ የሞጣ ገጠር ወጣት፣ ሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የከሳ ሰውነት። አንዱ ተማሪ "ወባ ነው" ይላል። ሌላዋ ግን የደጋ ጎረምሳ ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ እንደሚወርድ ከሰፈሯ ታውቃለች፤ "የት ከርሞ ነው የመጣው?" ትላለች። ያቺ ጥያቄ ካላዛርን ታመጣለች። ካላዛር ደግሞ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ከመጽሐፉ የበሽታውን ጠባይ ያገኙታል፤ ያንን ልጅ ከሁመራ ጋር ያገናኘችው ግን የጓደኛ እውቀት ናት።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። የቡድን ሥራ የሚበላሽበትን መንገድ ግን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ። ወይም ሥራውን ይከፋፈሉና የጎናቸውን ማንም አያነበውም። ኮሌጁ ክፍሉን ለውጦ ክብ አድርጎ ቢያስቀምጣቸው ብቻ ይሄ አይቀርም። ፈተናው አሁንም ሽምደዳን ብቻ የሚለካ ከሆነ ደግሞ ተማሪው ውይይቱን እንደ ጊዜ ማባከን ቢያየው አይፈረድበትም።

ስለዚህ አዲስ ተማሪ ሲገባ "ዘመናዊ ዘዴ አመጣንላችሁ" ከማለት ይልቅ የቆጠራን ሕግ መንገር ይሻላል። ማንም ባዶ እጁን አይምጣ። እያንዳንዱ ለብቻው ያስብ፣ የራሱን ግምት ይዞ ይቅረብ፣ ጓደኛው ሲያርመው አይቀየም። ነገ በሽተኛው ፊት ብቻውን ሲቆም የሚያርመው ሰው አጠገቡ ላይኖር ይችላልና።