ጠንጣ፤ የገበያና የባቡር ከተማ

የአንድ አገር ታሪክ በተጻፈ ቍጥር አስቀድሞ የሚነሣው የነገሥታቱ ስምና የጦር ሜዳው ነው። ሕዝቡ ዕለት ዕለት የሚኖረው ታሪክ ግን የሚገኘው በገበያውና በመንገዱ ላይ ነው። ገበሬው ያመረተው እህል በማን ሚዛን ተመዘነ? በምን ተጭኖ ወዴት ሄደ? ትርፉስ በማን ኪስ ገባ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሚሰጡት ከተሞች አንዲቱ በሰሜን አፍሪካ፥ በግብጽ አገር የምትገኘው ጠንጣ ናት። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርሷ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዓባይ ከካይሮ በስተሰሜን ጥቂት እንደ ወረደ በሁለት ይከፈላል። ምዕራባዊው ቅርንጫፍ በረሺድ፥ ምሥራቃዊው በድምያጥ በኩል ወደ ባሕር ይገባል። ጠንጣ በሁለቱ መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ፥ ከካይሮ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቈረቈረች ስትሆን፥ የገርቢያ አውራጃ ዋና ከተማ ናት። ወደ እርሷ የሚሄድ መንገደኛ ተራራም ኰረብታም አያይም፤ የሚያየው ቦይ፥ እርሻና የቴምር ዛፍ ነው። እግሩ የሚረግጠው ጥቁር አፈር ግን ለእኛ ባዕድ አይደለም። የሚበዛው በክረምት ጐርፍ ከኢትዮጵያ ደጋ እየታጠበ የወረደ ነውና። የአስዋን ታላቅ ግድብ እስከ ተሠራ ድረስ ይህ አፈር በየዓመቱ የግብጽን እርሻ ሲያድስ ኖሯል።

በጥንት ጊዜ ጠንደታ ትባል የነበረችውን መንደር ስመ ጥር ያደረጋት አንድ እንግዳ ሰው ነው። ሰይድ አሕመድ አል በደዊ በ1200 ዓ.ም. ገደማ በሞሮኮ አገር በፋስ ከተማ ተወለደ፤ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ መካ ተሻገረ፤ ኢራቅን ጐበኘ፤ በመጨረሻም ወደ ጠንጣ መጥቶ በ1276 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በዚያ ኖረ። በቤት ጣራ ላይ ተቀምጦ ይጾምና ይጸልይ ስለ ነበር ተከታዮቹ «የጣራው ሰዎች» ተብለዋል። ከሞተ በኋላ መቃብሩ የመሳለሚያ ስፍራ ሆነ። በ18ኛው መቶ ዓመትም ግብጽን በእጁ ያደረገው ዓሊ በይ አል ከቢር በመቃብሩ ላይ ታላቅ መስጊድ አሠራ።

ለመሳለም የመጣ ሰው መብላትና ማደር ያስፈልገዋል፤ ወደ ቤቱም ሲመለስ ባዶ እጁን አይገባም። ስለዚህ በመቃብሩ አጠገብ ገበያ ቆመ። በዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የእስልምና ዓመት በጨረቃ የሚቈጠር በመሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል፤ በዓላቱም ከበጋ ወደ ክረምት ሲዞሩ ይኖራሉ። የጠንጣ መውሊድ ግን የፀሐይን ዓመት ተከትሎ ይከበራል። ገበሬው ሰብሉን ሳይሰበስብ ገበያ ሊወጣ አይችልምና። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን በ1836 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በዚያን ጊዜ በዓሉ በዓመት ሦስት ጊዜ ይከበር እንደ ነበር ጽፏል። ዛሬ ታላቁ መውሊድ የሚውለው ከመከር በኋላ፥ በጥቅምት ነው። የግብጽ ገበሬ፥ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፥ የእርሻውን ጊዜ የሚቈጥረው በቅብጦች ወሮች ነው፤ እነዚህም ከእኛ ወሮች ጋር አንድ ናቸው። የእነርሱ ቱት የእኛ መስከረም፥ የእነርሱ ባባ የእኛ ጥቅምት ነው።

በመውሊዱ ሰሞን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ከተማይቱ ይጐርፋል። ድንኳን ይተከላል፤ ዚክር ይባላል፤ ነጋዴውም ዕቃውን ይዘረጋል። እንግዳው ለቤተ ሰቡ ይዞ የሚመለሰው የታወቀ ስጦታ የጠንጣ ጣፋጭና የሽምብራ ቆሎ ነው። በዱሮው ዘመን በዚህ ገበያ ከብት፥ ፈረስና ጨርቅ ይሸጥ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ሰውም ይሸጥ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሪያ ነጋዴዎች በመውሊዱ ጊዜ ወደ ጠንጣ ይወርዱ ነበር። በዚያ ዘመን በግብጽ ከሚሸጡት ምስኪኖች መካከል ከሱዳንና ከካውካስ የመጡ ብቻ ሳይሆኑ ከአገራችን የተጋዙም ነበሩ። በ1877 ዓ.ም. እንግሊዝና ግብጽ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ተዋዋሉ፤ በግብጽ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት የሚደረገውም ሽያጭ ከ7 ዓመት በኋላ እንዲከለከል ተስማሙ። ገበያ ለብቻው ሲተው የሚሸጠውንና የማይሸጠውን አይለይም፤ ድንበሩን የሚያበጅለት ሕግ ነው።

የጠንጣን ዕድል ሁለተኛ የለወጠው ምድር ባቡር ነው። ቀዳማዊ ዐባስ የግብጽ ገዥ በነበረ ጊዜ በ1851 ዓ.ም. ሮበርት ስቲፈንሰን ከተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ጋር ተዋዋለ። ከእስክንድርያ እስከ ከፍር አል ዘያት ያለው መስመር በ1854፥ እስከ ካይሮ ያለው በ1856 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ይህ ነው። ቀድሞ በቦይና በዓባይ ላይ በጀልባ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ በሰዓታት የሚያልቅ ሆነ። ጠንጣም በመካከል ስለምትገኝ ወደ መሐላ፥ ወደ መንሱራና ወደ ድምያጥ፥ እንደዚሁም ወደ ሺቢን አል ከውም የሚሄዱት መስመሮች ከእርሷ ተነሡ። ዱሮ በዓመት አንድ ሰሞን ይደምቅ የነበረው ገበያ በየቀኑ የሚደምቅ ሆነ።

ሐዲዱ ግን ከጠንጣ በስተምዕራብ ጥቂት እንደ ሄደ በከፍር አል ዘያት የዓባይን ቅርንጫፍ መሻገር ነበረበት። ድልድዩ ገና ስላልተሠራ ፉርጎዎቹ በማሻገሪያ ጀልባ ላይ ተጭነው ይሻገሩ ነበር። በ1858 ዓ.ም. በግንቦት ከእስክንድርያ ግብዣ የሚመለሱትን መሳፍንት የጫነው ፉርጎ ከጀልባው ተንሸራቶ ወንዙ ውስጥ ገባ። የግብጽ አልጋ ወራሽ ልዑል አሕመድ ሪፍዓት በዚያ ሰጠመ፤ ልዑል ሐሊም ግን ወጥቶ ዳነ። ድልድዩ የተመረቀው በሚከተለው ዓመት በ1859 ነው።

አልጋ ወራሽነቱ ወደ ሟቹ ወንድም ወደ እስማኤል ተላለፈ፤ በ1863 ዓ.ም. እስማኤል ገዥ ሆነ። በዚያ ወራት በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ስለ ነበረ ጥጥ ከዚያ ወደ አውሮፓ መሄዱ ተቋርጦ፥ የግብጽ ጥጥ ዋጋ ብዙ እጥፍ ጨመረ። በጠንጣ ዙሪያ ያለው ገበሬ እርሻውን ጥጥ አለበሰው፤ ጥጥ መዳመጫው በረከተ፤ ደላላውና አራጣ አበዳሪው በየከተማው ሱቅ ከፈተ። በ1865 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦርነት ሲያልቅ ዋጋው ወደቀ፤ ዕዳው ግን አልወደቀም። ገበሬው ለአራጣ አበዳሪው፥ ገዥውም ለአውሮፓ ባንኮች ባለዕዳ ሆኑ።

እስማኤል የዓባይን ምንጭና የቀይ ባሕርን ዳርቻ በእጁ ለማድረግ ተመኝቶ በዚያ በዕዳ ዘመን ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። በ1875 ዓ.ም. በጉንደት፥ በ1876 ዓ.ም. በጉራዕ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ድል እንደ ነሡት ሁላችን የምናውቀው ነው። በእነዚያ ሜዳዎች ከወደቁት ወታደሮች ብዙዎቹ ከዓባይ ዳር እርሻቸው በግድ ተመልምለው የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. እስማኤል የስዌዝ ቦይ አክሲዮኑን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ፤ በሚከተለውም ዓመት ዕዳው ወደ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠግቶ ገንዘብ ቤቱ በባዕዳን ተቈጣጣሪዎች እጅ ገባ። በ1879 ከሥልጣኑ ወረደ፤ በ1882 ዓ.ም. እንግሊዞች አገሪቱን ያዙ። ይህ ሁሉ የአንድ ፉርጎ መስጠም ያመጣው ነው ማለት አይገባም፤ ታሪክ በአንድ ምክንያት አይተረጐምምና። ነገር ግን አንድ መንግሥት ድልድይ ሳይሠራ ባቡር ሲያስኬድ፥ ገቢውንም ሳይመዝን ሲበደር፥ የሚደርስበትን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሐዲዱ ሌላም ጭነት አመጣ፤ ይኸውም ሐሳብ ነው። በ1860ዎቹ ዓመታት ሙሐመድ ዐብዱ የተባለ የገበሬ ልጅ በጠንጣ መስጊድ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ ሳይገባው በቃል ማጥናት አስመርሮት ሸሸ፤ በኋላ ግን ተመልሶ ተምሮ፥ ትምህርት እንዲሻሻል የሚታገል የታወቀ ሊቅና የግብጽ ሙፍቲ ሆነ። በ1919 ዓ.ም. በመጋቢት ግብጾች ነጻነታቸውን ሲጠይቁ የጠንጣ ሕዝብ ወደ ባቡር ጣቢያው ሰልፍ ወጣ፤ የእንግሊዝ ወታደሮችም ተኵሰው ሰው ገደሉ። በባላገሩ ያለው ገበሬ በበኩሉ ሐዲዱን ነቀለ። ጥጡን ይወስድበት የነበረው መንገድ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ጠየቀ ማለት ነው።

ዛሬም ከካይሮ ወደ እስክንድርያ በባቡር የሚያልፍ መንገደኛ ጠንጣን ሳይነካ አይሄድም። ከጣቢያው ወጥቶ ወደ መስጊዱ የሚወስደውን መንገድ ቢከተል፥ ሽምብራ ሻጩ፥ ተሸካሚውና ተሳላሚው ዛሬም በአንድ መንገድ ሲጋፉ ያያል። በሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሆሣዕና ዕለት በከተማይቱ በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በፈነዳው ቦምብ ብዙ ምእመናን ሞተዋል። በአንድ ገበያ የሚገበያዩና በአንድ የወር ቍጥር የሚያርሱ ጐረቤቶች የሚኖሩባት ከተማ በመሆኗ ሐዘኑ የመላው ሕዝብ ሆኗል።

ክቡራን አድማጮች፤ የጠንጣ ታሪክ የሚያስተምረን በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በተለይ ልናስብበት የሚገባ ነው። መንገድ ለከተማ ሀብት ያመጣል፤ ሀብቱ ግን ባመረተው ሰው እጅ እንዲቈይ የሚያደርገው የሚዛኑ እውነት፥ የመዝገቡ ጥራትና የሕጉ ጽናት ነው። ሚዛኑን የሚመረምር፥ መዝገቡን የሚጽፍ፥ ሕጉን የሚያስፈጽም ደግሞ ስሙ በታሪክ መጽሐፍ የማይገኝ አንድ ጸሐፊ ነው። እርሱ ሥራውን በሚገባ የሠራ እንደ ሆነ ገበሬው ከገበያ የሚመለሰው ዕዳ ተሸክሞ ሳይሆን ለልጆቹ የሽምብራ ቆሎ ይዞ ነው።