የእንግሊዝኛው «ኪው» ፊደል፦ አነባበቡ፣ አጻጻፉ እና የዐረብኛው «ቃፍ»

ቁርአን፣ ቂብላ፣ ቀደር። እነዚህን ቃላት በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ዛሬ ዛሬ የምንጀምረው «ኪው» በሚባለው ፊደል ነው። ፊደሉ እንዴት እንደሚነበብና «ቃፍ»ን ወክሎ ሲገባ የት ላይ እንደሚያሳስት በአጭሩ እናያለን።

ስሙና ዘሩ

«ኪው» ከ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት 17ኛው ነው። መነሻው የፊንቄ ፊደል ሲሆን በግሪክና በላቲን በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ደርሷል። የዐረብኛው «ቃፍ»፣ የዕብራይስጡ «ቆፍ» እና በግዕዝ ስሙ «ቃፍ» የሆነው የእኛ «ቀ» ዘመዶቹ ናቸው።

በእንግሊዝኛ ሲነበብ

በእንግሊዝኛ ቃላት «ኪው» ብቻውን አይቆምም፤ «ዩ» ይከተለዋል። ሁለቱ አንድ ላይ «ክው» የሚል ድምፅ ይሰጣሉ፤ ንግሥት ማለት የሆነው «ኩዊን» ምሳሌ ነው። ይህ ልማድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ ከፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው። እንደ «ዩኒክ» ባሉ ቃላት መጨረሻ ላይ ግን ተራ «ክ» ሆኖ ይነበባል። ያለ «ዩ» የምናገኘው በአብዛኛው ከሌላ ቋንቋ በመጡ ስሞች ነው፤ ኢራቅ፣ እንዲሁም እኛ ኳታር የምንላት፣ በዐረብኛ ግን ቀጠር የምትባለው አገር ይጠቀሳሉ።

ቁርአን በ«ኬ» ወይስ በ«ኪው»?

የቀድሞ ጸሐፊዎች «ኬ»ን ያዘወትሩ ነበር። ጆርጅ ሴል እ.ኤ.አ. በ1734፣ ሙሐመድ ማርማዱክ ፒክታል ደግሞ በ1930 ባሳተሟቸው ትርጉሞች ርዕስ ላይ ቁርአን በ«ኬ» ተጽፏል። አብደላህ ዩሱፍ ዐሊ በ1934 ማሳተም በጀመሩት ትርጉም ግን በ«ኪው» ጻፉት። «ኪው» የሚመረጠው «ቃፍ»ን ከ«ካፍ» ስለሚለይ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በዐረብኛ «ቀልብ» ልብ ነው፤ «ከልብ» ደግሞ ውሻ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ሁለቱንም «ክ» ብሎ ያነባቸዋል። ስለዚህ በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችንና ሰለምቴዎች ቁርአንን በላቲን ፊደል ብቻ ሲቀሩ ትርጉም የመለወጥ አደጋ አለ። የእኛም «ቀ» ቢቀርብ እንጂ ከ«ቃፍ» ጋር አንድ አይደለም፤ የ«ቃፍ» መኽረጅ የምላስ የኋላ ጫፍ ከላይኛው ለስላሳ ላንቃ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ይህ ከኡስታዝ አፍ በጆሮ የሚወሰድ እንጂ ከፊደል የሚገኝ አይደለም።

በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ግን «ኪው» ያለ «ዩ» በቀጥታ «ቀ»ን ይወክላል፤ የቁቤ አንባቢ በእንግሊዝኛው ሕግ አያንብበው።

ስማችንስ?

አብዱልቃድር ወይም ቃሲም በ«ኪው»ም በ«ኬ»ም ይጻፋሉ። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ሆኖም ፓስፖርት ላይ በአንዱ፣ የትምህርት ማስረጃ ላይ በሌላው ከተጻፈ የሁለት ሰው ስም ሊመስል ይችላል። ለሐጅም ሆነ ለሥራ ስንጓዝ እንዳንጉላላ የፓስፖርቱን አጻጻፍ በሁሉም ሰነድ ላይ እንጠቀም።