ባዶ ግድግዳ ነውር ነው ወይ?

ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፋጠጠው ከባዶ ግድግዳ ጋር ነው። ጣሪያ ቢያፈስ ባልዲ ይደቀንለታል፤ በር ቢንጋደድ በድንጋይ ይደገፋል። ባዶ ግድግዳ ግን መላ የለውም። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ግድግዳው አፍ አውጥቶ «ባለቤቶቹ ገና ናቸው» እያለ የሚያሳብቅ ይመስላል።

እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ላይ የራሳችን ወደምንለው ቤት የገባን ሰሞን የገጠመን ይኸው ነበር። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ሁለት በርጩማ፣ አንድ ፍራሽና መጻሕፍት የታጨቁበት ካርቶን ብቻ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። እኔም ከክርስትናው ድግስ በፊት ቤቱን መሙላት አለብኝ ብዬ ቆረጥሁ። ሶፋ፣ ቡፌ፣ ምንጣፍ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ መጋረጃ፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ሁሉም በብድር። ለቀብድ የሚሆነውን ገንዘብ ቆጥሬ ኪሴ ከተትሁ። ባለቤቴ አየችኝና «ቤቱን የምትሞላው ለእኛ ነው ለእንግዳ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መልስ ያጣ ባል እንደሚያደርገው ተቆጥቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ እናቷን ለመጠየቅ ወደ አንኮበር ወረድን። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የደብረ ብርሃን ሜዳ በገብሱና በበጉ መንጋ መካከል ሲዘረጋ ይቆይና ምድሩ ድንገት ይሰበራል፤ ከታች የአፋር ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። በዚያ አፋፍ ላይ የጥንቱ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ቆሟል። ኮረብታውን ሳይ፣ ለአንድ ጽሑፍ ብዬ ሳገላብጠው የሰነበትሁት የካፒቴን ሃሪስ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ነገሩ የእኔኑ ጉዳይ የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባቢ ላካፍል።

ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝ መንግሥት ከሕንድ የላከው መልእክተኛ ነበር። ሸዋ የደረሰው በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ በዙፋኑ ላይ የነበሩት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ልዑካኑ ንጉሡ ፊት የቀረቡበትን አዳራሽ ሃሪስ በዝርዝር ጽፎታል። ክብ ነው። የአበሻ ቤት የማያጣው የመካከል ምሰሶ አልነበረውም። ከፍ ያለው የጭቃ ግድግዳ በብር በተለበጡ ጌጦች፣ በጋሻና በጠመንጃ ያብረቀርቃል፤ ወለሉን የፋርስ ምንጣፎች ሸፍነውታል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ግድግዳውን ያስጌጠው ሥዕል አይደለም። ጋሻው ነገ ከችንካሩ ወርዶ ዘመቻ የሚወጣ ጋሻ ነው። የሸዋው ንጉሥ የሚሠራበትን ዕቃ ሰቅሎ ነበር የሚያጌጠው።

እንግሊዞቹ ደግሞ የራሳቸውን ጌጥ ይዘው መጥተዋል። አዳራሹን ዳር እስከ ዳር የሚሸፍን የብራስልስ ምንጣፍ፣ የካሽሚር ሻል፣ የሚደውል ሰዓት፣ የሚዘፍን ሣጥን፣ የሚደንሱ የቻይና አሻንጉሊቶች፣ በላዩም 300 ጠመንጃ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ ተዘረገፈ። ንጉሡ እጅግ ተደነቁ፤ ሳቁም። አዲስ ዕቃ ገዝቶ ቤቱን የሞላ ሰው የመጀመሪያውን ምሽት እንዲህ ሳያሳልፍ አይቀርም።

ልዑካኑ እስከ 1835 ዓ.ም. ሸዋ ተቀመጡ። በቆይታቸውም ከመካከላቸው አንዱ፣ ካፒቴን ግራሃም፣ ባወጣው ንድፍ መሠረት ለንጉሡ ጎቲክ በሚባለው የአውሮፓ የሕንፃ ስልት አንድ ቤት ሠሩላቸው። ቤቱን ካሰናዱ በኋላ የማሳረጊያ ጌጥ እንዲሆን የነብር አደንን የሚያሳዩ ትልልቅ ባለ ቀለም ሥዕሎች በመካከለኛው ክፍል ሰቀሉ። በሥዕሎቹ ውስጥ የአደን ዕቃ የተጫነበት ዝሆንም አለ። ንጉሡ ይህን ሲያዩ፣ ከሮቢ ወንዝ አካባቢ ዝሆን አስይዘው ማስገራትና ከመሞታቸው በፊት መቀመጥ አማራቸው። በቤቱ ግን ልኖርበት አላሉም። ቤተ ጸሎት ሊያደርጉት አሰቡና ከጎናቸው የማይለዩትን ድንክ ቄስ አባ ራጉኤልን ምን ይመስልሃል ሲሉ ጠየቋቸው።

ይህን ገጽ መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳስበው የንጉሡ ነገር ልክ ነው። በሸዋ ሰው ልማድ ሥዕልና የሐር መጋረጃ ያለበት ቤት የማን ቤት እንደሆነ ይታወቃል፤ የእግዚአብሔር ነው። በአንድ ጊዜ ተሠርቶ፣ በአንድ ጊዜ አጊጦ የቀረበላቸው ቤት የእሳቸው ሆኖ አልታያቸውም። ምድጃው ላይ እሳት አልነደደበትም፤ ልጅ አልተወለደበትም፤ ሰው አልታረቀበትም። ያልኖሩበትን ጌጥ ከነግርማው ለፈጣሪ መስጠት ቀለላቸው።

ከዚያ ኮረብታ ላይ ዛሬ የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው። አጼ ምኒልክ መንበራቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲያዛውሩ ግድግዳው ቀረ፤ ምንጣፉ ግን ተጠቅልሎ ተጫነ። የሀገራችን ነገሥታት ዘመናቸውን በድንኳን ማሳለፍ የለመዱ ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት ስፍራ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው፣ በ1460 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ መኖሪያቸው ማድረጋቸው ከዘመኑ ልማድ ወጣ ያለ ሥራ ነበር። ሰፈር በሚነቀልበት አገር ጌጥ የሚባለው የሚጠቀለል፣ የሚታጠፍ፣ በበቅሎ የሚጫን ነገር ነው። ሶፋ በበቅሎ አይጫንም።

አማቴ ቤት ስንደርስ እሳት ዳር አስቀመጡን። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እግራችን ላይ ባና ጣል አደረጉልን። ባና ማለት ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ ነው፤ ጥቁሩም ቡናማውም የበጉ የራሱ መልክ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ከአንዷ የሚሸለተው ጠጉር ለአንድ ባና አይበቃም። ስለዚህ ይጠራቀማል። ይታጠባል፤ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔ በጠባብ በጠባቡ ይሸምነዋል፤ ከዚያ ተገጣጥሞ ይሰፋል። በአንድ ቀን ሱቅ ገብቶ እንደሚገዛ ዕቃ አይደለም። መንግሥትም የአካባቢውን ጠጉር አይቶ ኖሯል፤ በታኅሣሥ 1957 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ፋብሪካ ተቋቁሞ የከተማዋ ስም ከብርድ ልብስ ጋር ተያይዞ በየቤታችን ገባ።

ጥጉ ላይ ደግሞ ያላለቀ ሞሰብ ተቀምጧል። ስንደዶው ክረምቱ ሲወጣ የተለቀመ ነው፤ አክርማው ቀለም ተነክሮ አለላ ሆኗል፤ ወስፌው እንደተሰካ ነው።

«ይኼ የማን ነው?» አልኋቸው።

«የእናንተ ነዋ! ለልጁ ክርስትና ብዬ ጀመርሁት። ዓይኔ እምቢ ብሎኝ ነው የዘገየሁት።»

«እማማ፣ ምነው ከገበያ ብንገዛ? ለምን ይደክማሉ?»

«ልጄ፣ የገበያ ሞሰብ መች ጠፋ? እኔ የምሰፋው እኮ ልጁ ሲያድግ ይኼን አያቴ ሰፋችው እንዲል ነው።»

ባለቤቴ ወደ እኔ አላየችም። ባታይም ሰማሁ።

ከተሜው አንባቢ ይህን ሲያነብ ልቡ ወደ ልጅነቱ ቤት ሳይሄድበት አይቀርም። በሬዲዮኑ ላይ፣ በሶፋው ክንድ ላይ፣ በቡፌው ላይ የተነጠፈውን ዳንቴል ያስታውሷል። ከበላዩ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ከአጠገቡ ዘመኑ ካለፈ የሰነበተ ካላንደር። እኛ «ዘመናዊ» ነን ባዮች በዳንቴሉ ስንስቅ ኖርን። ነገር ግን እያንዳንዱ ዳንቴል የአንዲት እናት ወይም እኅት የስንት ምሽት ሥራ ነበር። ያ ቤት በአንድ ቀን አልሞላም። ልጅ ሲመረቅ አንድ ፎቶግራፍ፣ ዕቁብ ሲደርስ አንድ ወንበር እየተጨመረ ነው የሞላው። ግድግዳው የቤተሰቡ ዜና መዋዕል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል፤ ልሸሸው አልፈልግም። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ በዚሁ በሰሜን ሸዋ የአጣዬ ከተማ ተቃጠለች። ነፍሳቸውን ይዘው ከሸሹት ብዙዎቹ ደብረ ብርሃን ተጠለሉ። ዕድሜ ልክ ጠብ ጠብ እያለ የተጠራቀመ የቤት ዕቃ በአንድ ቀን አመድ ከሆነ፣ ትዕግሥት ምን ይረባል? ያገኙትን በአንድ ቀን ገዝቶ ዛሬን መደሰት አይሻልም ወይ?

ይህን ጥያቄ ከአጣዬ ለመጡ አንዲት እናት አንሥቼባቸው ነበር። ስለ ቴሌቪዥናቸውና ስለ አልጋቸው በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝና አለፉት። የእናታቸው እንቅብ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ጠርዙ ላይ ስለነበረው ቀይ አለላ፣ አንድ ወገኑ እንዴት እንደተጣመመ፣ በየትኛው ዓመት በዓል እንደወረደ ነገሩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። በሐሳቤ የያዝሁት ክርክር ሁሉ አፌ ላይ ቀረ። የተገዛው ዕቃ ዋጋው ይታወቃል፤ ቢጠፋ ይተካል። ያ እንቅብ አይተካም። ሐዘኑ ግን ውስጡ ብዙ ነገር እንደነበረ ይመሰክራል። በችኮላ የሞላ ቤት ቢቃጠል ለማልቀስ እንኳ ያን ያህል ነገር የለውም።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል ያገሬ ሰው። ጭቃ ቤት የለጠፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛውን የደረበ ግድግዳው ይሰነጠቅበታል። ይድረቅ፤ መሰንጠቁንም ይጨርስ፤ ከዚያ ይለቅለቅ። ጌጡም እንደዚያው ነው። ቤቱ ምን እንደሚፈልግ የሚነግረን ከኖርንበት በኋላ ነው። ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች? እንግዳ የት መቀመጥ ይወዳል? ልጁ የትኛውን ጥግ ይመርጣል? ይህ ሳይታወቅ የተሰቀለ ሥዕል የሣህለ ሥላሴን የነብር ሥዕል ይሆናል፤ ያስደንቃል እንጂ የቤት አይሆንም።

ያን የቀብድ ገንዘብ ምን አደረግሁት? ግማሹን ለወሊድ አስቀመጥን፤ በተረፈው ጠንካራ ጠረጴዛና አራት ወንበር ገዛን። ክርስትናው ላይ ከመጡት እንግዶች አንዱ እንደ ፈራሁት «ምነው ግድግዳው ባዶ ሆነ?» አለ። ባለቤቴ «ይደርሳል» ብላ ጠላ ቀዳችለት። ሞሰቡ ለድግሱ አልደረሰም። ልጃችን ዳዴ ማለት በጀመረች ሰሞን አማቴ በመቋጠሪያ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። መክደኛው በትንሹ ዘመም ይላል። «ዓይኔ ነው» አሉ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ልጅቱ ግን ቀዩን አለላ እያየች ወደ እሱ ዳኸች።