የአራል ባሕርና የጥጥ ሸሚዝ

ለሰው ልጅ ኑሮ ዋና ዋና የሚባሉት ነገሮች ምግብ፣ ልብስና መጠለያ መሆናቸውን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ልብስ ከገበያ ተገዝቶ እቤት ሲገባ ዋጋው ተከፍሎ ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ታሪክን ስንመረምር፣ ሻጭም ገዢም ሳይከፍሉት የቀረ ሌላ ዕዳ መኖሩን እንረዳለን። ለዚህም የአራልን ባሕር ታሪክ ምሳሌ አድርገን በአጭሩ እናቀርባለን።

አራል በመካከለኛው እስያ፣ በካዛክስታንና በኡዝቤኪስታን መካከል የሚገኝ ሐይቅ ነው፤ ባሕር የተባለውም ከስፋቱ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ስፋቱ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ነበረ ከዓለም ሐይቆች አራተኛ ነበር፤ ይኸውም የጣናን ሃያ እጥፍ ያህል ማለት ነው። አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የተባሉ ሁለት ወንዞች ይገብሩለት ነበር፤ በዳርቻው የሚኖረውም ሕዝብ ዓሣ እያጠመደ ይተዳደር ነበር።

የሶቪየት ኅብረት መንግሥት ግን በረሃውን የጥጥ እርሻ ለማድረግ ወንዞቹን በቦይ ጠለፋቸው። ትልቁ የካራኩም ቦይ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ጥጡ በእርግጥ በዛ፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ቦዮች ያልተለበጡ የአፈር ቦዮች ስለ ነበሩ ብዙው ውሃ ማሳው ሳይደርስ ወደ አሸዋው ሰረገ። ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። ሞይናቅ በተባለችው ወደብ መርከቦች በደረቅ አሸዋ ላይ ቀሩ። ነፋሱም ጨውና የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ያለበትን አቧራ እያነሣ በሰው ጤና ላይ ጉዳት አደረሰ።

ከመንግሥቱ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ሐይቁ እንደሚጎድል አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ጥጡ ከዓሣው ይበልጣል ብለው ፈረዱ። ጥፋቱ የጥጥ ሳይሆን፣ የሁሉ የሆነውን ውሃ እንደ ነፃ ዕቃ የመቁጠር ጥፋት ነው።

የተበላሸውንም በከፊል ማቃናት ተችሏል። ካዛክስታን ከዓለም ባንክ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2005 የኮክ አራልን ግድብ ሠርታ የሰሜኑን ሐይቅ ከደቡቡ ለየች። በሰሜን ውሃው ከፍ አለ፤ ዓሣ አጥማጆችም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የደቡቡ ሐይቅ ምሥራቃዊ ክፍል ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ፈጽሞ ደርቆ ታየ።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይደለም። የእኛ አዋሽም ጥጥ ያጠጣል፤ እርሱም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ከለማው መሬት ከፊሉ በጨው ተጎድቷል። ስለዚህ ቦይን መለበጥ፣ ማሳን በልክ ማጠጣት፣ ትርፉን ውሃ ማንጣፈፍ፣ ውሃ ለሚወስድ ሁሉ ዋጋ መቁረጥ፣ ከወንዙ በታች የሚኖረውንም ከብት አርቢ አስቀድሞ ማማከር ያስፈልጋል።

ለአንድ የጥጥ ሸሚዝ 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚወጣ ይገመታል። እኛ ተማሪዎች ግድብ ለመሥራት አቅም ባይኖረንም፣ ያለንን ልብስ ጠግነንና ጠብቀን ብንለብስ ከዕዳው ጥቂቱን እናቃልላለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፣ ጥቂት ነው ብለን አንናቀው።