«የጭነት ልክ»፦ ጎማ ሲገዛ የሚታለፈው ቁጥር

በውጭ አጠራሩ «ሎድ ኢንዴክስ» የሚባለውን የጎማ ቁጥር እዚህ «የጭነት ልክ» ብለነዋል። አንድ ጎማ በሚገባ ተነፍቶ ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት የሚያመለክት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ራሱ ኪሎ አይደለም፤ በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ይፈታል። 82 ሲል 475 ኪሎ፣ 91 ሲል 615 ኪሎ፣ 106 ሲል ደግሞ 950 ኪሎ ነው።

የሚገኘው የጎማው ጎን ላይ ነው። «195/65 አር 15 91 ኤች» የሚለውን እንውሰድ። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ «አር» ራዲያል መሆኑ፣ 15 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። 91 የጭነት ልኩ ሲሆን «ኤች» የፍጥነቱን ጣሪያ፣ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትርን ያሳያል።

ብዙ ገዢ 195ን እና 15ን አይቶ ይበቃኛል ይላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለሚኒባስ ከሚሠሩት ጎማዎች አንዱ «195 አር 15 ሲ 106/104» ይላል። ስፋቱም ቸርኬውም ከላይ ካየነው የቤት መኪና ጎማ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን ይኸኛው ለብቻው ሲገጠም 950 ኪሎ፣ በጥንድ ሲገጠም እያንዳንዱ 900 ኪሎ ይችላል። በዚህ ፈንታ ባለ 91ዱ ሚኒባስ ላይ ቢገባ አራቱ ተደምረው 2,460 ኪሎ ብቻ ይሸከማሉ፤ ሰው የሞላ ሚኒባስ ይህን በቀላሉ ያልፋል።

ወደ ላንጋኖ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ጉዳዩን በደንብ ያሳያል። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የሚነሳው ሚኒባስ ወንበሩ ሙሉ ነው፤ ፖርቶመጋላው ላይ ድንኳንና ፍራሽ ተጭኗል። በፈጣኑ መንገድ ይከንፋል፤ ሞጆን አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሙቀት ይወርዳል፤ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ ሲታጠፍ ኮረትና አቧራ ይጠብቀዋል። ሲመለስ ደግሞ ከባቱና ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ይጨመርበታል። ከልኩ በላይ የተጫነ ጎማ ጎኑ በየዙሩ አብዝቶ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ያግለዋል፤ ሙቀቱ ውስጡ የተደራረቡትን ንጣፎች ያላቅቃል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። ነፋሱ የጎደለ ጎማም ዕጣው ይኸው ነው፤ የጭነት ልኩ የሚሠራው ነፋሱ ሲሟላ ብቻ ነውና።

ስለዚህ ጎማ ሲመርጡ መጀመሪያ የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ፤ ለመኪናው የተፈቀደው የጎማ ዓይነትና የነፋስ መጠን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል። ከታዘዘው ከፍ ያለ የጭነት ልክ መግጠም ይቻላል፤ ዝቅ ያለ ግን አይገጠምም። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ግራና ቀኝ ጎማዎች በመጠን፣ በጭነት ልክና በጥርስ ዓይነት አንድ ይሁኑ። ሁለት አዲስ ብቻ ከገዙ ከኋላ ያስገጥሟቸው፤ የኋላው ከተንሸራተተ መኪናውን መቆጣጠር ይከብዳልና።

የተሠራበትንም ጊዜ ይመልከቱ። «2319» የሚል አራት አኃዝ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2011 ዓ.ም.፣ ግንቦት ማለቂያና ሰኔ መባቻ ላይ ይውላል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል።

ጎሚስታው «ቸርኬው ላይ ልክክ ይላል» ቢልዎት፣ የጭነት ልኩን አብረው ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ። ከመንገድዎ በፊት ደግሞ ጎማው ሳይሞቅ፣ መጠባበቂያውን ጨምሮ፣ ነፋሱን ያስለኩ።