የጉልበት ቁልፍ፦ ከሊቨርፑል እስከ ፊላደልፊያ የእግር ድጋፍ ብረት ታሪክ



በቋንቋችን «ጉልበት» የሚለው ቃል መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም ይጠራል። ዛሬ የምናገረው ሁለቱ ስለተለያዩባቸው ሰዎች፣ መገጣጠሚያው እያለ ኃይሉ ስለከዳቸው፣ እንዲሁም ያንን ለመተካት ስለተሠራው ብረት ነው። የሕክምና ታሪክ ጸሐፍት ስለ ቀዶ ሕክምናና ስለ መድኃኒት ብዙ ጽፈዋል። ብረት ቀጥቅጦ፣ ቆዳ ሰፍቶ ሰውን ስላቆመው ባለሙያ የጻፉት ግን ጥቂት ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ኒኮላ አንድሪ እ.ኤ.አ. በ1741 ባሳተመው መጽሐፍ «ኦርቶፔዲ» የሚለውን ስም ሲፈጥር፣ በገመድ ከካስማ ጋር የታሰረ ጠማማ ዛፍ ሥዕል አስገብቶ ነበር። ሥዕሉ ዛሬም የሙያው ዓርማ ነው። እኔ ግን ያሳስታል ባይ ነኝ። በማደግ ላይ ያለ የሕፃን አጥንት እንደ ለጋ ዛፍ ሊቃና ይችል ይሆናል፤ ጅማቱ አጥሮ፣ ታጥፎ የደረቀን ጉልበት ግን ድጋፍ ብቻውን አይዘረጋውም። አስቀድሞ በተከታታይ የጀሶ እሥር ወይም በቀዶ ሕክምና መዘርጋት ይኖርበታል። ብረቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ የተገኘውን ለመጠበቅ ነው።

ለዘመናዊው ድጋፍ መሠረት የጣለው የሊቨርፑሉ ሐኪም ሂዩ ኦወን ቶማስ (1834–1891) ነው። ቶማስ የተወለደው ከወጌሻ ቤተሰብ ነው፤ አባቱም ስመ ጥር ወጌሻ ነበሩ። ልጁ በሕክምና ትምህርት ቤት ቢያልፍም የአባቱን የእጅ ጥበብ አልጣለም። እ.ኤ.አ. በ1875 ይፋ ያደረገው ድጋፍ ብሽሽት ላይ የሚያርፍ ቀለበትና በእግሩ ግራና ቀኝ የሚወርዱ ሁለት የብረት ዘንጎች ነበሩት። የመጀመሪያ ዓላማው በሳንባ ነቀርሳ ጀርም የተጠቃን ጉልበት ማሳረፍ ነበር። ሕመምተኛው መራመድ ሲጀምር የዘንጎቹ ጫፍ ታጥፎ የጫማው ተረከዝ ውስጥ ይገባል፤ «ካሊፐር» የተባለውም ይኸው ነው። የሚስቱ የወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቶማስን ድጋፍ ጭናቸው ለተሰበረ ወታደሮች አዳረሰው።

ካሊፐርን በብዙ ሺህ ልጆች እግር ላይ ያዋለው ግን ፖሊዮ ነው። ፖሊዮ ስሜትን ሳይነካ ጡንቻን ያሽመደምዳል። የፊተኛው የጭን ጡንቻ ሲደክም፣ የሰውነት ክብደት ከጉልበቱ መሃል ወደ ኋላ ባለፈ ቅጽበት ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ሰውየውም ይወድቃል። ስለዚህ ብዙዎች በእያንዳንዱ እርምጃ ጭናቸውን በእጃቸው ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ ይህን አረማመድ በየመንገዳችን ያላየ የለም። ለዓመታት ወደ ኋላ የተገፋ ጉልበት ደግሞ ከመጠኑ አልፎ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። ካሊፐሩ ጭንንና ቅልጥምን ይዞ መገጣጠሚያውን ይቆልፋል። ሲቀመጡ ቁልፉ በእጅ ይነሣል፤ ሲቆሙ ተመልሶ ይገጥማል።

የዚህን ቁልፍ ዋጋ ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ሕይወት በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም። በ39 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ብረቱን እንዳይታይ ጥቁር ቀለም አስቀቡት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1936 ፊላደልፊያ ውስጥ የፕሬዚዳንትነት ዕጩነታቸውን ለመቀበል በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ሲያልፉ፣ ገጣሚውን ኤድዊን ማርካምን ለመጨበጥ እጃቸውን ዘረጉ። ሚዛናቸው ተዛባ፤ የአንዱ እግር ቁልፍ ተፈታ፤ ወደቁ። የንግግሩ ወረቀት ተበተነ። ጠባቂዎቻቸው አንሥተው ቁልፉን መልሰው ገጠሙ፤ ከደቂቃዎች በኋላም ንግግሩን አደረጉ። ከተሰበሰበው ሕዝብ አብዛኛው ምንም አላየም።

ሂዩ ጋላገር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሕይወት ከመደበቅ ጥበብ አንጻር ተርጉሞታል። አልቃወመውም፤ ነገር ግን ነገሩ ከመካኒክም አንጻር መነበብ አለበት። የተቆለፈ ጉልበት ማቆሙን ያቆማል፤ መራመድን ግን ከትከሻ፣ ከዳሌና ከሰው ክንድ ይበደራል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1945 ሩዝቬልት ለምክር ቤቱ ተቀምጠው ሲናገሩ ይቅርታ ጠይቀው፣ ምክንያቱ በእግራቸው ላይ ያለው አሥር ፓውንድ ያህል ብረት መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። አሥር ፓውንድ አራት ኪሎ ተኩል ነው።

ብረቱ ዛሬ በአብዛኛው በፕላስቲክ ተተክቷል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1979 የአካል ተሃድሶ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ያስፋፋው ፖሊፕሮፒሊን ርካሽና ቀላል ነው፤ በሀገራችን የሰው ሠራሽ አካልና አካል ድጋፍ ማዕከላትም ይሠራበታል። ቅለቱ ግን የርቀትን ነገር አልፈታም። ልጅ ያድጋል፣ ድጋፉ ያጥራል፣ ቁልፉ ይላላል። ከገጠር ወረዳ አንሥቶ እስከ ማዕከሉ ያለውን መንገድ ደግሞ ያው ልጅ በዚያው በላላ ቁልፍ መምጣት አለበት። የታሪክ ተማሪዎቻችን የእነዚህን ማዕከላት የሥራ መዝገብ፣ ማን ለመጠገን እንደተመለሰና ማን እንደቀረ፣ ቢያነቡልኝ እወዳለሁ። ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።